ድርብ ቅጠል ያላቸውን የገበታ ዛፎች ስለ መግረዝና ቅጠላቸውን ስለ ማሳነስ

ዛፍ በሜዳ ቆሞ የሚያድገው በብዙ ዘመን ስለ ሆነ፥ ሰው በዛፍ ላይ የሠራው ስሕተት ወዲያው አይገለጥም። ያለ ልክ የተመለመለ ትልቅ ዛፍ ጥቂት ዓመት ቆሞ ይቈይና በኋላ ይደርቃል፤ የዚያን ጊዜም ባለቤቱ ምክንያቱን ከዝናብ እጥረት ወይም ከተባይ ይፈልጋል እንጂ የገዛ መጥረቢያውን አያስብም። በትንሽ የሸክላ ገበታ የተተከለ ዛፍ ግን እንደዚህ አይደለም። ሥሩ ጥቂት፥ አፈሩም ጥቂት ስለ ሆነ የተደረገበትን በጎም ሆነ ክፉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያሳያል። ስለዚህ የዛፍን ጠባይ ለማወቅ ለሚወድ ሰው የገበታ ዛፍ ለሕፃን እንደ ፊደል ገበታ ነው።

ይህ ትምህርት የሚናገረው በገበታ ዛፍ ላይ ስለሚደረገው ስለ ቅጠል ማሳነስ፥ ይልቁንም እንደ ግራር፥ እንደ ሮቃና እንደ ጃካራንዳ ድርብ ቅጠል ስላላቸው ዛፎች ነው። የነገሩ ፍሬ በአጭሩ ይህ ነው፤ ቅጠል የሚቀነሰው ብርቱ ከሆነ ዛፍ ብቻ፥ በጊዜውና በልኩ ነው። የድርብ ቅጠልም መጠን የሚያንሰው ቅጠሉን በመቀስ በመከርከም ሳይሆን፥ ቅርንጫፉን በማብዛት፥ ፀሐይን በመስጠትና ውሃን በመመጠን ነው።

1ኛ፤ የገበታ ዛፍ ምን እንደ ሆነ

ዛፍን በትንሽ ዕቃ ተክሎ በመግረዝ ታናሽ አድርጎ የመጠበቅ ጥበብ መጀመሪያ የተገኘው በቻይና አገር ነው። ጃፓኖች ከቻይና ተቀብለው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያሻሽሉት ኖረው «ቦንሳይ» ብለው ጠሩት። «ቦን» ማለት ዝርግ ዕቃ ወይም ገበታ፥ «ሳይ» ማለት መትከል ነው። ብዙ ሰዎች የቦንሳይ ዛፍ በዘሩ ድንክ የሆነ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ያው ዘር በሜዳ ቢተከል እንደ ወገኖቹ ሁሉ ትልቅ ዛፍ ይሆን ነበር። ታናሽ ያደረገው የሥሩና የቅርንጫፉ በየጊዜው መገረዝ ነው።

በቶኪዮ ከተማ በ1923 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ታላቅ የምድር መናወጥ ከሆነ በኋላ፥ የቦንሳይ አትክልተኞች ንጹሕ ውሃና ሰፊ ቦታ ፈልገው ወደ ኦሚያ ሄዱ፤ በ1925 ዓ.ም. የራሳቸውን መንደር መሠረቱ። ይህ መንደር ዛሬ በሳይታማ ከተማ ውስጥ ሲሆን፥ በአጠገቡ በ2010 ዓ.ም. የቦንሳይ ቤተ መዘክር ተከፍቷል። በቶኪዮም ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ «ኮኩፉ» የሚባለው ታላቅ የቦንሳይ ትርኢት ይታያል።

የዚህ ሥራ ዕድሜ ከሰው ዕድሜ የሚበልጥ መሆኑን ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1976 ዓ.ም. ከጃፓን ለአሜሪካ 53 የቦንሳይ ዛፎች በስጦታ ተሰጡ። ከእነዚህ አንዱ የጃፓን ነጭ ጥድ የሚባል ዛፍ ከ1625 ዓ.ም. ጀምሮ በገበታ ሲጠበቅ የኖረ ነው፤ በ1945 ዓ.ም. በሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ በተጣለ ጊዜም ቦምቡ ከፈነዳበት ስፍራ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በግንብ አጥር ውስጥ ስለ ነበረ ተርፏል። ዛሬ በዋሽንግተን ይገኛል። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዛፍ፥ አንድ ሰው በአንድ ቀን ችኰላ ሊያጠፋው ይችላል። የመግረዝ ሥርዓት በጥንቃቄ የሚጠናውም ስለዚህ ነው።

2ኛ፤ ነጠላ ቅጠልና ድርብ ቅጠል እንዴት እንደሚለዩ

ቅጠል በአፈጣጠሩ ሁለት ዐይነት ነው። እንደ ወይራ፥ እንደ ዋንዛና እንደ ባሕር ዛፍ ያሉት ቅጠላቸው ነጠላ ነው፤ በአንድ እጀታ ላይ አንድ ቅጠል ብቻ አለ። የሌሎች ግን በአንድ እጀታ ላይ ብዙ ንኡሳን ቅጠሎች ተሰልፈው ይገኛሉ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድነት አንድ ቅጠል ናቸው። ይህም ድርብ ቅጠል ይባላል።

ድርብ ቅጠልም በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው እንደ ወፍ ላባ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተሰለፈ ነው፤ የኮሶ፥ የብርብራ፥ የቁንዶ በርበሬና የሮቃ ቅጠል እንደዚህ ነው። ሁለተኛው ዘንጉ ራሱ ሌሎች ትንንሽ ዘንጎችን የሚያወጣ፥ በላባ ላይ ላባ እንደ ማለት ነው፤ የግራር፥ የሰሳ፥ የጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው የቀይ አበባው ዛፍ ቅጠል እንደዚህ ነው። ሦስተኛው እንደ እጅ ጣቶች ከአንድ ስፍራ የሚዘረጋ ነው፤ የጌተም ቅጠል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

የማያውቅ ሰው ዘንጉን ቅርንጫፍ፥ ንኡሱን ቅጠል ደግሞ ሙሉ ቅጠል አድርጎ ያያል። ከዚህም ስሕተት የተነሣ ብዙ ዛፍ ይበላሻል። መለያው ግን ቀላል ነው፤ ዐይን የት እንዳለ መፈለግ ነው። ዐይን ማለት አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣበት ትንሽ ጒጥ ሲሆን፥ ሁልጊዜ የሚገኘው በቅጠል እጀታ ብብት ነው። በንኡሱ ቅጠል ብብት ዐይን የለም፤ ዐይን ያለው ዘንጉ ሁሉ ከቅርንጫፍ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ንኡሱን ቅጠል አንድ በአንድ የሚለቅም ሰው በምትኩ አዲስ ቅጠል ይበቅላል ብሎ ቢጠብቅ በከንቱ ይደክማል። ከዘንጉ ላይ አንዴ የተወሰደው ንኡስ ቅጠል ዳግመኛ አይበቅልምና።

3ኛ፤ ቅጠሉ ስለ ምን እንዲያንስ እንደሚፈለግ

የገበታ ዛፍ ውበቱ ታላቅ ዛፍን በትንሽ መጠን በማሳየቱ ነው። ግንዱ የአንድ ክንድ ርዝመት ሆኖ ቅጠሉ የግንዱን እኩሌታ ቢያህል፥ ዐይን ዛፍ ሳይሆን ችግኝ ያያል። የነጠላ ቅጠል ዛፍ በዚህ ረገድ ብዙ አያስቸግርም፤ ቅጠሉ በመግረዝ ሲያንስ ሁለንተናው አብሮ ያንሳል። የድርብ ቅጠል ችግር ግን ንኡሱ ቅጠል በጣም ትንሽ ሆኖ ሳለ ዘንጉ ረጅም መሆኑ ነው። የጃካራንዳ ንኡስ ቅጠል ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ሙሉ ቅጠሉ ግን እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የድሬዳዋ ዛፍ ቅጠል ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። የሮቃ ቅጠል ግን ብዙውን ጊዜ ከ15 ሳንቲ ሜትር አያልፍም፤ የብዙዎቹ ግራሮችም ከዚያ ያነሰ ነው። እንግዲህ አትክልተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚመርጠው ዛፍ የድካሙን እኩሌታ ይወስናል።

4ኛ፤ ቅጠል የዛፍ ማጀት ስለ መሆኑ

ሥር ከምድር ውሃንና በውሃ የሟሟውን ማዕድን ይስባል። ቅጠል ደግሞ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ወስዶ፥ ከውሃው ጋር በፀሐይ ብርሃን ኀይል አዋሕዶ ስኳር ይሠራል። ዛፉ ከዚህ ስኳር ከፊሉን ለዕለት ይመገባል፤ ከፊሉን በግንዱና በሥሩ እንደ ጐተራ ያከማቻል። ቅጠሉ በተቈረጠ ጊዜ ማጀቱ ተዘጋ ማለት ነው፤ አዲሱን ቅጠል የሚያበቅለው ከጐተራው አውጥቶ ነው። ጐተራው የሞላ ዛፍ ይህን ችሎ ያልፋል። የታመመ፥ አዲስ የተነቀለ ወይም በዚያው ዓመት ሥሩ የተገረዘ ዛፍ ግን ጐተራው ባዶ ነውና፥ ቅጠሉን የገፈፈው ሰው ገደለው።

ሁለተኛው ቅጠል ከፊተኛው ስለ ምን እንደሚያንስ ከዚህ ይታወቃል። ስንቁ ቀንሷል፤ የተቀሰቀሱት ዐይኖች ደግሞ በዝተዋል። ለአንድ ዐይን ይደርስ የነበረው ለሦስትና ለአራት ሲከፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል፤ ቅጠሉም በዚያው ልክ ያንሳል።

ዐይኖቹ የሚቀሰቀሱበት ምክንያትም ተመርምሯል። በቅርንጫፍ ጫፍ የሚገኘው ለጋ ክፍል ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ታች እየላከ በታች ያሉትን ዐይኖች ያስተኛቸዋል። በ1930ዎቹ ዓመታት ቲማንና ስኩግ የሚባሉ ሊቃውንት የባቄላ ተክልን ጫፍ ቈርጠው በምትኩ ኦክሲን ቢያኖሩበት፥ ጫፉ የተቈረጠ ቢሆንም ዐይኖቹ ተኝተው መቅረታቸውን አስረዱ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአተር ተክል ላይ በተደረገ ምርመራ፥ ጫፉ እንደ ተቈረጠ ዐይኖቹን መጀመሪያ የሚያነቃቸው ጫፉ ይበላው የነበረው ስኳር ወደ እነርሱ መድረሱ መሆኑ ታየ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ጫፉ ሲቀነጠስ ምግቡ በታች ለተኙት ይደርሳል።

5ኛ፤ የአሠራሩ ሥርዓት

ሀ) ጫፍ መቀንጠስ። አዲሱ ቅርንጫፍ አራት ወይም አምስት ቅጠል እስኪያወጣ ተትቶ፥ ከዚያ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል አስቀርቶ ይቈረጣል። አዲሱ ቅርንጫፍ የሚሄደው በመጨረሻ የቀረው ዐይን ወደሚያይበት አቅጣጫ ነውና፥ ወደ ውጭ እንዲዘረጋ የተፈለገ እንደ ሆነ ወደ ውጭ ከሚያየው ዐይን በላይ መቍረጥ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ በየዓመቱ ሲደጋገም ቅርንጫፉ እየተከፋፈለ ይበዛል፤ ቅጠሉም ሳይነካ በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል። ከሥራው ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ የቀሩት ረዳቶቹ ናቸው።

ለ) ቅጠልን ሙሉ በሙሉ ማውረድ። ይህ የሚደረገው የመጀመሪያው ቅጠል ለጋነቱን ጨርሶ ከጠነከረ በኋላ፥ ገና ብዙ የማደጊያ ጊዜ ሲቀረው ነው። በጃፓን አገር በበጋው መግቢያ በሰኔ ወር ገደማ ይሠራል። በደጋ አገር ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድበት ወራት መሥራት አይገባም፤ አዲሱ ቅጠል በብርድ ይቃጠላልና። ድርብ ቅጠል ሲወርድ ዘንጉ በስለታም መቀስ ይቈረጣል፤ ከእጀታው ግን ጥቂት ይተዋል። በእጅ መሸምጠጥ ክልክል ነው፤ የሸመጠጠ እጅ በብብቱ ያለውን ዐይን አብሮ ይገፈዋልና። የቀረው እጀታ ዐይኑን ይጠብቀዋል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ በራሱ ይወድቃል። በቀላሉ የወደቀ እንደ ሆነ ቅርንጫፉ በሕይወት እንዳለ ምልክት ነው፤ ደርቆ ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ ግን ያን ቅርንጫፍ መጠርጠር ያስፈልጋል።

ሐ) በከፊል ማውረድ። ብዙውን ጊዜ ከሙሉው ይልቅ ይህ ይሻላል። በማናቸውም ዛፍ ላይ ራሱና ዳር ዳሩ ፀሐይ ስለሚያገኝ ይበረታል፤ የታችኛውና የውስጡ ቅርንጫፍ ግን በጥላ ስለሚኖር ይደክማል። ማስተዋል የጐደለው አትክልተኛ ከሁሉም እኩል ይቈርጣል፤ ብርቱው ቶሎ ያገግማል፥ ደካማውም ይሞታል። ዐዋቂው ግን ከብርቱው ይቀንሳል፥ ለደካማው ይተውለታል። እንዲህ ሲሆን ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል፤ የደከመውም ከጊዜ በኋላ ከብርቱው ጋር ይተካከላል።

መ) ዘንጉን ማሳጠር። አንድ ቅጠል ከመጠን በላይ ረዝሞ መልኩን ቢያበላሽ፥ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ንኡሳን ቅጠሎች አስቀርቶ የዘንጉን ጫፍ መቍረጥ ይቻላል። ይህ ግን ለጊዜው መልክን ለማሳመርና ብርሃንን ለማስገባት የሚሆን ነው እንጂ የሚቀጥለውን ቅጠል አያሳንስም። ሁልጊዜ በዚህ የሚታመን ሰው ዛፉን እየቀጣ ምንም አያተርፍም።

ሠ) ውሃ፥ ፀሐይና ማዳበሪያ። ቅጠል መጠኑ የሚወሰነው ሲዘረጋ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ ዛፉ ሙሉ ፀሐይ ማግኘት አለበት፤ በጥላ የቆመ ዛፍ ብርሃን ለመፈለግ ቅጠሉን ያሰፋል፥ ዘንጉንም ያስረዝማልና። ውሃም ሳይበዛ ይሰጣል፤ ሆኖም አፈሩ ፈጽሞ እስኪደርቅ መተው አይገባም። ማዳበሪያ ደግሞ ቅጠሉ ተዘርግቶ እስኪጠነክር ይከለከላል፤ ከዚያ በኋላ ጐተራው እንዲሞላ በመጠኑ ይሰጣል።

የውሃን ነገር ለማወቅ ግራርና ሮቃ ራሳቸው ምልክት አላቸው። የእነዚህ ዛፎች ንኡሳን ቅጠሎች በመሸ ጊዜ ይታጠፋሉ፥ በነጋም ጊዜ ይዘረጋሉ። ይህን ነገር ከታላቁ እስክንድር ጋር የዘመተው አንድሮስቴኔስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት በባሕሬን ደሴት በሮቃ ላይ አይቶ እንደ ጻፈ ይነገራል። በሌሊት መታጠፋቸው ጠባያቸው ነው፤ በቀን በፀሐይ ሳሉ ቢታጠፉ ግን ውሃ እንደ ጠማቸው መረዳት ይገባል።

ረ) ሽቦ ማሰር። ቅርንጫፍን ለማጕበጥ ለስላሳ ሽቦ ይጠመጠምበታል። የግራር ቅርንጫፍ ቶሎ ስለሚደርቅና ስለሚሰበር ገና ለጋ ሳለ መታሰር አለበት። ሽቦው ልጡን መቍረጥ ሳይጀምር ይፈታል፤ ሲፈታም በመጠምዘዝ ሳይሆን እየቈራረጡ ማውጣት ይሻላል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ዛፍ ላይ አይሠሩም። ሥሩ በተገረዘበት ዓመት ቅጠሉ አይወርድም፤ ቅጠሉ የወረደበትም ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ቢያርፍ ይሻላል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ሥራ እንደ ተነገረ ያህል ነው።

6ኛ፤ የየዛፉ ጠባይ

ጃፓኖች «ፉጂ» የሚሉት ዊስቴሪያ ሐምራዊ አበባው እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠል ሐረግ ነው። ቅጠሉ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ ሊያሳንሱት አይታገሉም። የሚተክሉት ለአበባው ነውና፥ አበባው ካለፈ በኋላ ረጃጅሙን ቅርንጫፍ ያሳጥራሉ፤ ውሃ ስለሚወድም በሙቀት ወራት ገበታውን ውሃ ባለበት ሳሕን ውስጥ ያኖሩታል። ቅጠሉን መግፈፍ ግን የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ማጥፋት ስለ ሆነ አያደርጉትም።

«ሃዜ» የሚባለው ዛፍ ድርብ ቅጠሉ በመጸው ወራት እንደ እሳት ይቀላል። ቅርንጫፍ ማብዛት ስለማይወድ፥ ጃፓኖች ብዙ ቀጫጭን ግንዶችን በአንድ ዝርግ ገበታ ላይ አንድነት ተክለው ትንሽ ጫካ ያስመስሉታል። ዛፉን ከጠባዩ ውጭ ከማስገደድ ለጠባዩ የሚስማማ ቅርጽ መፈለግ ብልሃት መሆኑን ይህ ያስተምራል። ሆኖም ፈሳሹ የሰውን ቈዳ ስለሚያቃጥል በእጅ ጓንት መሥራት ይገባል።

ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ፥ የድሬዳዋ ዛፍ ከማዳጋስካር የመጡ ናቸው። ሁለቱም ቅጠላቸው ረጅም ስለ ሆነ ለትንሽ ገበታ አይመቹም፤ የሚወዳቸው ሰው ትልቅ ገበታና ወፍራም ግንድ አዘጋጅቶ ይያዛቸው። ሮቃ ግን ቅጠሉ ትንሽ፥ ልጡ ገና በልጅነቱ የሽማግሌ መልክ ያለው፥ ሲገረዝም ቅርንጫፍ የሚያበዛ ስለ ሆነ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው። ዛፉ የቆላ ነውና ከብርድ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ግራር የአፍሪካ ዛፍ ስለ ሆነ ትምህርቱን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ዘሩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ሙቅ ውሃ ተደርጎበት አንድ ሌሊት ያድራል፥ በማግስቱ ይዘራል። ዋናው ሥሩ በጣም ወደ ታች ስለሚወርድ ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ ጫፉ ይቈረጥና የጎን ሥሮች እንዲበዙ ይደረጋል። በሥሩ ላይ የሚታዩት ትንንሽ እንክብሎች በሽታ አይደሉም፤ ከአየር ናይትሮጅንን ለዛፉ የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች ቤት ናቸው። ስለዚህ አፈር ሲለወጥ አሮጌውን አፈር ፈጽሞ አጥቦ መጣል አይገባም።

የደቡብ አፍሪካ አትክልተኞች ለግራር የጃፓንን ጥድ ቅርጽ መስጠት እንደማይስማማ አይተው፥ በሜዳ እንደሚታየው ራሱ ዝርግ የሆነ የጃንጥላ ቅርጽ አወጡለት። ይህንም ቅርጽ እንዲህ ያሉትን ዛፎች በመሳል በታወቀው በአገራቸው ሠዓሊ በፒርኔፍ (1886–1957) ስም ጠሩት። አሠራሩም ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች ቀስ በቀስ አንሥቶ፥ የላይኞቹን ወደ ጎን በሽቦ ዘርግቶ፥ ወደ ላይ የሚወጣውን ጫፍ ሁሉ በየጊዜው መቀንጠስ ነው። በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ ዝርግ ራስ ያለውን ግራር በየሜዳው የሚያይ ሰው ለዚህ ሥራ ሌላ ሥዕል መፈለግ አያስፈልገውም፤ መስኮቱን መክፈት ይበቃዋል።

7ኛ፤ ዛፍን ከተራራ ነቅሎ ስለ መውሰድ

በገበያ ያረጀ ግንድ ያለው የገበታ ዛፍ ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ፍየል የጋጠውንና ነፋስ ያጐበጠውን አሮጌ ዛፍ ከገደል ነቅሎ መትከል በብዙ አገር የተለመደ ነው። ይህ ሥራ ሁለት ጕዳት አለው። በመጀመሪያ፥ በገደል ላይ የበቀለ ዛፍ በሥሩ አፈሩን ይዞ የሚኖር ነውና፥ እርሱ ሲነቀል አፈሩ በጐርፍ ይሄዳል። ሁለተኛ፥ አሮጌ ዛፍ ሥሩ ሩቅ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ሲነቀል ይሞታል። ስለዚህ የወረዳ ሹም በግዛቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር ያየ እንደ ሆነ፥ ከዘር ወይም ከችግኝ ጣቢያ የተገኘውን እንዲተክሉ ቢያስተምር፥ መንገድ ሊወጣበት ወይም ቤት ሊሠራበት ከተቈረጠ ቦታ ካልሆነ በቀርም መንቀልን ቢከለክል ለአገሩ ይጠቅማል።

8ኛ፤ ይህ ትምህርት ለሜዳ ዛፍ የሚጠቅምበት

የገበታ ዛፍ ሥራ ለመዝናናት ብቻ የሚሆን የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በሜዳ ላለው ዛፍ እውነት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና ጊዜው ብቻ ነው። ገበሬ በድርቅ ጊዜ ለከብቱ መኖ ይሆን ዘንድ ግራርን ይመለምላል፤ ለአጥር እሾሁን ይቈርጣል፤ የቡና ባለ እርሻም ጥላው እንዳይበዛ የሰሳን ቅርንጫፍ ያሳሳል። ሥራው ተገቢ ነው፤ የሚጠፋው ልኩ ነው። በአንድ ጊዜ ራሱን ሁሉ የተመለመለ ዛፍ ማጀቱ ተዘግቶበት ከጐተራው ይበላል። በሚቀጥለውም ዓመት ደግሞ የተመለመለ እንደ ሆነ ጐተራው ያልቃል፤ ዛፉም ይደርቃል። ገበሬው በሁለት ዓመት መኖ የብዙ ዓመት መኖን ሸጠ ማለት ነው፤ በሬውም በሚቀጥለው ድርቅ የሚበላው አያገኝም።

ስለዚህ በሜዳ ዛፍ ላይ አራት ነገር ቢጠበቅ መልካም ነው። በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጥ አይወሰድ። የተመለመለው ዛፍ ሙሉ ቅጠል አውጥቶ እስኪጠነክር ዳግመኛ አይነካ። ቅርንጫፍ ሲቈረጥ ከታች ሕያው ዐይን ወይም ሌላ ቅርንጫፍ መኖሩ ይታይ፤ በመጥረቢያ ተመትቶ ልጡ እንዳይሸነጠርም በመጋዝ ይቈረጥ። ከብርቱው ዛፍ ይወሰድ፥ ለደካማው ይቈይለት።

ጊዜውንም በየዛፉ ጠባይ መመርመር ያስፈልጋል፤ ለሁሉ አንድ ደንብ አይሆንምና። በትግራይ ሞሞና፥ በኦሮሞ ምድር ገርቢ የሚባለው ግራር ለዚህ ምስክር ነው። ሌሎች ዛፎች በዝናብ ሲለመልሙ እርሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሌሎች በደረቅ ወራት ሲራቈቱ እርሱ ይለመልማል። እህል ከበታቹ ደኅና የሚሆነውም በዝናብ ወራት ጥላ ስለማይጥልበትና የረገፈው ቅጠል አፈሩን ስለሚያዳብር ነው። የሌላውን ዛፍ ወራት ቈጥሮ በዚህ ዛፍ ላይ መጋዝ የሚያነሣ ሰው፥ ዛፉ በሚሠራበት ጊዜ ማጀቱን ይዘጋበታል። ከብት የሚወደው ፍሬውም በደረቁ ወራት የሚገኝ ስለ ሆነ ያለ ልክ መመልመል ፍሬውን ያሳጣል።

ትእዛዝ ከመስጠት በፊት ማሳየት ይቀድማል። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም በትምህርት ቤት ግቢ ሦስት የግራር ችግኞች በሦስት ሸክላ ቢተከሉና ከጠነከሩ በኋላ አንዱ ሳይነካ ቢቀር፥ ሁለተኛው ከሦስት አንድ እጅ ቅጠሉ ቢቀነስ፥ ሦስተኛው ደጋግሞ ሙሉ በሙሉ ቢገፈፍ፥ ገበሬው በዐይኑ አይቶ ይፈርዳል። ወጪው የሦስት ሸክላ ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ዛፍ አመላመል የሚነገረውን ቃል ሰው የሚሰማው ከፍርሃት የተነሣ ሳይሆን ዐውቆት ይሆናል።